ፊያት 124 ስፖርት ኩፔን በቤት ማደስ፦ ከየት ልጀምር፣ ምኑንስ ላሻሽል?

ሳቢያን 124፦

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ድሬዳዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ከባለቤቱ ወራሾች ገዝቼ በግቢዬ ውስጥ በገዛ እጄ ላድሰው ስለተነሣሁ ከእኔ የተሻለ ልምድ ያላችሁን ሰዎች ምክር እሻለሁ። መኪናው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ማለትም 1438 ሲሲ ሞተርና አንድ ካርቡራቶር ያለው ሲሆን፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ለረጅም ዓመታት ቆሞ ኖሯል። ሊብሬው በእጄ ነው፤ የሻንሲውም የሞተሩም ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይስማማል።

ከላይ ሲታይ አካሉ ደህና ይመስላል። ነገር ግን ምንጣፉን ሳነሣ በሾፌሩ እግር ሥር ያለው ላሜራ በጣት የሚበሳ ሆኖ አገኘሁት፤ ከበሮቹ በታች ያለው የጎን ሳጥንም በዝገት ተበልቷል። የፍሬኑ ፔዳል ሲረገጥ ያለ ምንም መቋቋም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። ሞተሩን ገና አላስነሣሁትም፤ ባትሪ አስገጥሜ ልሞክር ስል አንድ ጎረቤቴ «ቆይ፣ መጀመሪያ ሰው ጠይቅ» ስላለኝ ተውኩት። ያሉኝ መሣሪያዎች የቁልፍ ስብስብ፣ አንድ ክሪክ፣ የብረት መቆሚያዎችና አነስተኛ የኤሌክትሪክ ብየዳ ናቸው።

ሐሳቤ መኪናውን ወደ ነበረበት መመለስ ብቻ ሳይሆን ማሻሻልም ጭምር ነው። በአንዱ ካርቡራቶር ፈንታ ሁለት የዌበር ካርቡራቶር ማስገባት፣ የቪትዝ ቸርኬ ማሰርና አቅሙን ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ። አንድ ወዳጄ ደግሞ ሞተሩን አውጥቼ የቶዮታ ሞተር ብተካ ከመለዋወጫ ችግር እንደምገላገል ይመክረኛል። ከየት እንደምጀምርና ከእነዚህ ሐሳቦች የትኛው ጠቃሚ፣ የትኛውስ ከንቱ ድካም እንደሆነ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ቶርኖ ቤት፦

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ጎረቤትህ ያዳነህ ሞተሩን ነው።

ይህን ሞተር የነደፈው ቀደም ሲል በፌራሪ የሠራው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ሁለቱን ካምሻፍቶች (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር የሚያያይዘው ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው፤ በብዛት ከተመረቱ የሁለት ካምሻፍት ሞተሮች መካከል ቺንጋን ከተጠቀሙት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይኸው ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ለዓመታት የቆመ ጎማ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) በድንገት ሲያሽከረክረው ሊበጠስ ወይም ጥርስ ሊዘል ይችላል። ያን ጊዜ ቫልቮች ይጋጫሉ፤ ጥገናውም ከቺንጋ መለወጥ አልፎ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ወደ ማውረድ ይሄዳል።

ስለዚህ ባትሪውን ገና አታቅርብ። አራቱን ካንዴላዎች (እሳት ሰጪዎቹን) ፍታና በየሲሊንደሩ ጥቂት ቀጭን ዘይት አፍስሰህ ለቀናት ተወው። በዚህ መካከል የሁለቱን ካምሻፍትና የክራንኩን ፑሊ አቀማመጥ በቀለም ምልክት አድርግ፤ ከዚያ ቺንጋውንና መወጠሪያ ኩሽኔታውን አብረህ ለውጥ። ቺንጋ ለውጦ የሚጮህ ኩሽኔታ መተው የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ግን ኩሽኔታው ሲነክስ አዲሱንም ቺንጋ ይዞት ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ክራንኩን በቁልፍ፣ በእጅህ ኃይል ብቻ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ አድርገህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረውና ምልክቶቹ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን አረጋግጥ። እንቢ ካለህ አታስገድደው፤ ዘይት ጨምረህ ጠብቅ።

ከዚያ በኋላ የኮምፕሬሽን መጠን ስታስለካ ንባቡ በመጽሐፍ ከምታየው ቢያንስ አትደንግጥ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በራሱ ከ10 በመቶ በላይ ያንሳል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ «ሞተሩ ደክሟል» ተብለው ያለ ጥፋታቸው የተከፈቱ ሞተሮች ብዙ ናቸው። የሚፈለገው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከለው በየቫልቩ ኩባያ ላይ በሚቀመጥ ክብ የብረት ዝርግ ሲሆን፣ ካምሻፍቱን ሳታወርድ መለወጥ ይቻላል። ውፍረቱን በማይክሮሜትር ለክተህ የየአንዱን ጻፈው፤ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ሙያ የተማሩ ቶርኖ ሠሪዎች ዛሬም በከተማችን ስላሉ ልኬት ላይ የምትቸገር አይመስለኝም።

ስለ ሁለቱ ዌበሮች ያለኝን ልንገርህ። ሁለት ካርቡራቶር የመጣው ከአንተው በኋላ፣ በ1608 ሲሲው ሞተር ላይ ነው። ሞተሩ ከነማኒፎልዱ (ካርቡራቶሩን ከሞተሩ ጋር ከሚያያይዘው ቧንቧ ጋር) ታስቦ ስለተሠራ ይስማማዋል። በ1438ቱ ላይ ግን ማኒፎልድ ፈልገህ፣ ሁለቱን እኩል እንዲስቡ አስተካክለህ፣ ጂግለሮቻቸውን (ቤንዚን የሚመጥኑትን ቀዳዶች) ለከፍታው መርጠህ የምታገኘው ጥቅም ከፍታው ከሚወስድብህ አቅም አይበልጥም፤ በየ1,000 ሜትሩ አንድ ሞተር ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ያለህን ካርቡራቶር ፈትተህ አጽዳው፤ ጓርኒሲዮኖቹን (ማሸጊያዎቹን) ለውጥና ዋናውን ጂግለር በትንሹ አሳንሰው። ካንዴላው ጠቁሮ ከወጣ ቤንዚኑ እንደበዛ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ማሻሻያ አንድ ብቻ ቢፈቀድልኝ ፑንቲናውን (የማቀጣጠያውን የኤሌክትሪክ መገናኛ) አስወጥቼ በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ እተካው ነበር፤ ጠዋት መነሣቱም፣ ፍጆታውም፣ በከፍተኛ ዙር መሥራቱም በአንድ ጊዜ ይለወጣል።

ሐረር 404፦

ስለ ፊያት ሞተር ከላይ ከተጻፈው የምጨምረው የለኝም፤ የያዝኩት ፔጆ 404 ነው፤ እንደ ብዙ የሐረር ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው መኪና እሱ ነው። ነገር ግን ጥያቄህ ውስጥ ፍሬኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፎ አቅም መጨመር አንድ ሙሉ አንቀጽ ማግኘቱ አሳስቦኛል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። አንተ ያለኸው 1,200 ሜትር ላይ ነው፤ ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሐረርም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህን መኪና ከድሬ ወጥተህ ወደ እኛ ካመጣኸው ያን ዳገት በሙቀት ትወጣለህ፤ ስትመለስ ደግሞ ያንኑ ሁሉ ጠመዝማዛ በፍሬን ትወርዳለህ።

124 ስፖርት በአራቱም ጎማዎች የዲስክ ፍሬን አለው፤ በዘመኑ በዚያ ዋጋ የሚሸጡ መኪኖች ብዙዎቹ ከኋላ ከበሮ ነበራቸው። ከአንድ ቶን በታች ለሚመዝን መኪና ይህ በቂ ስለሆነ ትልቅ ዲስክ ፍለጋ አትድከም፤ ያለውን እንደ አዲስ መልሰው። ፔዳሉ ወለል የሚነካው ከማስተር ሲሊንደሩ ጎማዎች መድረቅ የተነሣ ሊሆን ቢችልም፣ እሱን ብቻ ለውጠህ እንዳትቆም። ከሻንሲው ወደ ጎማው የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎች ከውጭ ደህና ሆነው ከውስጥ ያብጣሉ፤ ሲያብጡ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ ያሳልፉና መመለሻ ይነሡታል፤ መኪናው ፍሬኑን እንደያዘ ይሄዳል፤ ዲስኩም ይግላል። የጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ ለውጥ። የብረት ቧንቧዎቹ የዛጉ ከሆነ በፍሬን ቧንቧነት በተሠራ ብረት እንጂ በማቀዝቀዣ መዳብ አትተካቸው፤ መዳብ በንዝረት ይደነድንና ይሰነጠቃል። ወደ ፍሬኑ የሞተር ዘይት ወይም ሌላ የማዕድን ዘይት ጠብታ እንኳ አይግባ፤ ጎማዎቹን ሁሉ አሳብጦ ሥራህን ያበላሽብሃል። ዶት 4 የተባለውን የፍሬን ዘይት ሙላ፤ እሱም ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ለውጠው። እርጥበት የጠጣ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ይፈላል፤ ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ፔዳልህን በባዶ ያስረግጥሃል። ደንገጎን ስትወርድ በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬንን አጥብቀህ ረግጠህ ልቀቅ እንጂ እግርህን አስደግፈህ አትጓዝ።

ወደ ማቀዝቀዣው ልለፍ፤ በሀገራችን ብዙ ሞተር የሚሞተው በዚህ በኩል ነው። በድሬ ከፍታ ውኃ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ ደንገጎ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በላይ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ከደከመ አዲስ ራዲያተርም አይረዳህም። ክዳኑ ርካሽ ነው፤ ከሁሉ አስቀድመህ ለውጠው። ራዲያተሩ የመዳብና የነሐስ ከሆነ ሊከፈት፣ ሊጠረግና እንደገና ሊበየድ ስለሚችል ለአሉሚኒየም ብለህ አትጣለው። የድሬ ውኃ ኖራ እንደሚበዛበት ከማንቆርቆሪያህ ታውቃለህ፤ ስለዚህ የተጣራ ውኃ ከፀረ ዝገት ፈሳሽ ጋር ቀላቅለህ ሙላ። ፀረ ዝገቱ እዚህ የሚያስፈልገው ለውርጭ ሳይሆን ቴስታታህ አሉሚኒየም በመሆኑ ነው።

አንድ ነገር ልለምንህ፦ ተርሞስታቱን አውጥቶ የሚጥል መካኒክ አታስጠጋ። በዚህ ሞተር ላይ ተርሞስታቱ በሦስት ቱቦዎች መካከል ተቀምጦ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው ቅጽበት ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ካወጣኸው አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ከትኩሱ ውኃ አንዱ ክፍል ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ዳገት ላይ ይበልጥ ይሞቃል። «ተርሞስታት ለብርድ ሀገር ነው» የሚለው አባባል ለዚህ መኪና ጨርሶ አይሠራም።

ማኒኮቶዎቹንም (የውኃ ጎማ ቱቦዎቹን) አብረህ ለውጥ። የቤንዚን ቧንቧው ከጭስ ማውጫው አጠገብ ካለፈ አርቀው ወይም ከሙቀት ከልለው፤ አለበለዚያ ቀትር ላይ አቁመህ ስትመለስ ቤንዚኑ ቧንቧው ውስጥ ተንኖ ሞተሩ አይነሣልህም። ለሙከራ በመጀመሪያ ሳቢያን ውስጥ፣ ቀጥሎ በሜዳው ወደ መልካ ጀብዱ ንዳው። ደንገጎን ለመጨረሻ አቆየው፤ በማለዳም ውጣው።

ባትላሜራ፦

አካሉን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። 124 ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም፤ ሸክሙን የሚይዙት ወለሉና የጎን ሳጥኖቹ ናቸው። ስለዚህ ከበሩ በታች ያለው ዝገት የመልክ ጉዳይ አይደለም። ሳጥኑን ከመቁረጥህ በፊት በሩ በሚዘጋበት ክፍት ቦታ ላይ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ ብረት በጊዜያዊነት በይድ፤ መኪናውም በአራት ነጥብ እኩል ተደግፎ ይቁም። ይህን የዘለለ ሰው ላሜራውን ለውጦ ሲያበቃ በሩ አልዘጋም ይለዋል፤ ያን ጊዜ መመለሻ የለውም። በአንድ ቀን አንዱን ጎን ብቻ ክፈት።

የያዝከው የኤሌክትሪክ ብየዳ ለዚህ ሥራ አይመጥንም፤ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ላሜራ ይበሳል፤ ሙቀቱም ያጣምመዋል። በጋዝ የሚሠራ የሽቦ ብየዳ ያለው ባለሙያ ግቢህ ድረስ ጥራ፤ መቁረጡን፣ ማጽዳቱንና ልኩን ማውጣቱን አንተ ሥራው፤ ብየዳውን ለእሱ ተውለት። ከመበየዱ በፊት የነዳጅ ታንኩ ከመኪናው ወርዶ ከሥራው ቦታ ይራቅ። ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ ይብሳል፤ የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው ትነት ነውና። ባትሪውም ይነቀል።

በተረፈ ሌሎች ዝገት የሚሸሸግባቸውን ቦታዎች መርምር፦ የፊት ሞላ የሚቀመጥበትን ሳጥን፣ የመጠባበቂያ ጎማ የሚተኛበትን ጎድጓዳ፣ የኋላ ጭቃ መከላከያዎቹን ጠርዝ። ድሬ ደረቅ ስለሆነች መኪናው ሕይወቱን ሙሉ እዚህ ከኖረ ዕድለኛ ነህ፤ በጅቡቲ ወይም በአሰብ የባሕር አየር ያደረ ከሆነ ግን በቡጢ መትተህ ብቻ አትመን፤ በሹል ብረት ውጋው። ስቱኮ የመጨረሻውን እኩልነት ለማምጣት በስሱ የሚቀባ ነገር ነው፤ ቀዳዳ መድፈኛ አይደለም። ቀለሙን በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ አስቀባ፤ ቀትር ላይ ቀጭን መበጥበጫው ቀለሙ ሳይዘረጋ ይተንና ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል። ከግንቦትና ከሰኔ ወር ሙቀት ብትርቅ ይሻላል።

የመጋላ ልጅ፦

ሁሉም ስለ ቶዮታው ሞተር ዝም ስላለ እኔ ልናገር። የወዳጅዎ ምክር ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። የቶዮታ ዕቃ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ይገኛል፤ የማይሠራው መካኒክም የለም። መኪናው ሞተሩን አጥቶ የተገኘ ቢሆን እኔም ይህንኑ እመክር ነበር። የእርስዎ ግን የራሱ ሞተር አለው፤ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር ይስማማል። ሞተሩን ለመቀየር መያዣዎቹን፣ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን)፣ የኋላ ዘንጉን፣ የጭስ ማውጫውን እንደገና ማሠራት ይጠይቃል፤ አዲሱ የሞተር ቁጥርም በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ይቆማሉ። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ መኪና በምትኩ አይመጣም። ከነሙሉ ዕቃው ያለ 124 ስፖርት ላይ መጋዝ ማንሣት እኔን አያስደስተኝም፤ መኪናው ግን የእርስዎ ነው።

ሳቢያን 124፦

ጋሼ ቶርኖ ቤት፣ ጋሼ ሐረር 404፣ እንዲሁም ሌሎቻችሁ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። የቶዮታውን ሞተርና የሁለት ካርቡራቶሩን ሐሳብ ትቻለሁ። በጽሑፋችሁ መሠረት ቺንጋው፣ ፍሬኑና የጎን ሳጥኖቹ ይቀድማሉ፤ የሽቦ ብየዳ ያለው ባለሙያም አነጋግሬያለሁ። ሁለት ጥያቄዎች ይቀሩኛል። አንደኛው፣ ላዳ የተሠራችው ከፊያት 124 ነው ስለሚባል ከድሮዎቹ የላዳ ታክሲዎች መለዋወጫ ለእኔ መኪና ይሆናል ወይ? ሁለተኛው፣ የኋላ ፍሬን ሸራ ለመለወጥ ፒስተኑን በክሪክ ብገፋውም ንቅንቅ አላለም፤ ደርቆ ይሆን? ስለ ቪትዝ ቸርኬውም ማንም አልመለሰልኝም።

ቶርኖ ቤት፦

ክሪኩን አሁኑኑ አንሣ። የዚህ መኪና የኋላ ካሊፐር የእጅ ፍሬኑንም አብሮ ስለሚሠራ ፒስተኑ ውስጡ ጥርስ አለው፤ በመግፋት ሳይሆን በማዞር ነው የሚገባው። በፒስተኑ ፊት ላይ ያለውን ቆረጥ በሚመጥን መሣሪያ ይዘህ እየተጫንክ ወደ ቀኝ አዙረው። ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚመለስ ማጠራቀሚያው ሞልቶ እንዳይፈስ ተመልከት፤ የፍሬን ዘይት አዲሱን ቀለምህን ይልጠዋል። ሲዞርም እንቢ ካለ ያን ጊዜ ደርቋል ማለት ነውና ካሊፐሩን አውርደህ አምጣልኝ።

ላዳ በእርግጥም የ124 ሴዳን ልጅ ናት፤ ቶሊያቲ ውስጥ በፊያት ፈቃድ መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ሩሲያውያኑ ግን ለመንገዳቸው ሲሉ ብዙ ለውጠውባታል፦ ሞተሩ የራሳቸው ነው፤ የኋላ ፍሬኑ ከበሮ ነው፤ ላሜራዋም ወፍራም ነው። ስለዚህ ሞተርም ፍሬንም ከላዳ አትጠብቅ። የፊት እግሩና የመሪው ክፍል፣ ማለትም የመሪ ዘንግ ጫፎች፣ ኳስ መገጣጠሚያዎችና ጎማዎቻቸው ግን ከአንድ ንድፍ የወጡ ናቸው፤ የኩፔው ወለልም በሴዳኑ ልክ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.42 ሜትር ሆኖ የተሠራ ነው። የአንተን አሮጌ ዕቃ ይዘህ ሂድና የሾጣጣውን ውፍረትና የጥርሱን ዓይነት አስተያይተህ ግዛ። «ለላዳ ነው፣ ይሆናል» ብሎ የሚሸጥልህን ሳትለካ አትመን።

ቸርኬውን በተመለከተ፣ የፊያትህ ብሎኖች የሚያርፉበት ክብ 98 ሚሊሜትር ሲሆን የቪትዝ 100 ነው። በሁለት ሚሊሜትር ልዩነት የተነሣ አስገድደው ያስሩልሃል፤ ሲታይም የታሰረ ይመስላል። ነገር ግን ብሎኖቹ በሾጣጣ መቀመጫቸው ላይ ስለማያርፉ አንድ ወገናቸው ብቻ ይይዛል፤ በጉዞ ላይ ይላላሉ ወይም ይቆረጣሉ። የላዳ ቸርኬ ግን 98 ስለሆነ ለጊዜው መንቀሳቀሻ ከፈለግህ እሱን እሰር፤ ከማሰርህ በፊት የፊት ካሊፐሩን እንዳይነካ በእጅህ አንድ ዙር አዙረህ እይ። የራስህ 13 ኢንች ቸርኬዎች ካልተሰነጠቁ ደግሞ አምጣቸውና ቶርኖ ላይ አስሬ ቀጥ ማለታቸውን አይልሃለሁ።